አብርሃም ዋልድ፤ ያልተመለሱትን የቆጠረ የሒሳብ ሊቅ

ድልድይ ሲሠራ፣ አይሮፕላን ሲነሣ፣ የሕክምና መሣሪያ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲቆም፣ ሰው ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ነገር ይታመናልን? የጥንት ባለሙያ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በልምድና በግምት ነበር። የዛሬ መሐንዲስ ግን በቁጥር እንዲመልስ ይፈለጋል። ከሺህ ስንቱ ይሰበራል? ስንት ሰዓት ያገለግላል? አንዱ ክፍል ቢበላሽ የቀሩት ያድኑታልን? አደጋንና አስተማማኝነትን በቁጥር የመመርመር ጥበብ ዛሬ መሐንዲሶች የሚሠለጥኑበት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ለዚህ ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ግን መሐንዲስ አልነበረም፤ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ሊቅ ነበረ። ስሙ አብርሃም ዋልድ ይባላል። እኛም የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልዱና አስተዳደጉ

አብርሃም ዋልድ ኦክቶበር 31 ቀን 1902 ዓ.ም. ኮሎዥቫር በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና በሐንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሩማንያ ተዛውራ ዛሬ ክሉዥ ናፖካ ተብላ ትጠራለች። ወላጆቹ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁድ ነበሩ። የአገሩ ትምህርት ቤት ደግሞ ቅዳሜም ያስተምር ስለ ነበር፣ ሰንበትን የሚያከብር ልጅ ከዚያ ገብቶ ለመማር አልቻለም።

ወላጆቹ ግን ልጃቸውን ከትምህርትና ከሃይማኖት አንዱን ምረጥ አላሉትም። ራሳቸው የተማሩና ማስተማርም የሚችሉ ሰዎች ስለ ነበሩ በቤታቸው አስተማሩት። አብርሃምም እንደ ሌሎች ልጆች ደወል ሲደወል የሚሰለፍ ተማሪ ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ ተምሮ ለዩኒቨርሲቲ በቃ። በኋላ ዓለምን ያስደነቀው አእምሮ የመጀመሪያውን ትምህርት የቀሰመው ከወላጆቹ ገበታ አጠገብ መሆኑ ለወላጆች ሁሉ የሚያኮራ ነገር ነው።

በትውልድ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ካጠና በኋላ በ1927 ወደ ቪየና ሄደ። ቪየና በዚያ ዘመን የሊቃውንት መናኸሪያ ነበረች። ከሊቃውንቱ አንዱ ካርል ሜንገር የወጣቱን ችሎታ ተመልክቶ በቅርብ ይረዳው ጀመር፤ ዋልድም በ1931 በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። የመጀመሪያ ጽሑፎቹ በጂኦሜትሪ ላይ ነበሩ። እነዚያን ጽሑፎች አንብቦ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን የመድፍ ጥይትንና የአይሮፕላንን ነገር ይመረምራል ብሎ የሚገምት አልነበረም።

ማዕርጉን ቢያገኝም ሥራ ግን አላገኘም። አይሁዳዊ በመሆኑ በኦስትሪያ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በር ተዘግቶበት ነበር። ስለዚህ ሜንገር፣ ካርል ሽሌዚንገር ከተባለ የኢኮኖሚ ትምህርት ከሚወድ የባንክ ሰው ጋር አገናኝቶት ሒሳብ እያስተማረው ይኖር ጀመር። በኋላም ኦስካር ሞርገንሽተርን በሚመራው የኢኮኖሚ ምርምር ተቋም ሥራ አገኘ። ለዕለት እንጀራ ሲል የገባበት ይህ ሥራ አዲስ መንገድ ከፈተለት። የገበያ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ ንግድ ከወቅት ወደ ወቅት ይለዋወጣል። በዚህ ዓለም እንደ ጂኦሜትሪ እርግጠኛ የሆነ ነገር የለም። ዋልድም እርግጡን ብቻ የለመደውን አእምሮውን እርግጥ ወዳልሆነው ነገር መለሰ።

ስደት

በማርች 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ያዘ። በዚያ አገር ለሚኖር አይሁዳዊ ሁሉ የመከራ ዘመን ጀመረ። ዋልድ እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሚገኘው የኮውልስ ኮሚሽን የተባለ የኢኮኖሚ ምርምር ድርጅት ስለ ጠራው ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ይህ ጥሪ ሕይወቱን አተረፈለት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ ኒውዮርክ ተዛውሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ሆተሊንግ ከተባለው ታዋቂ የስታቲስቲክስ መምህር ጋር ይሠራ ጀመር። በ1941 ሉሲል ላንግን አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

እሱ ቢተርፍም በአገሩ የቀሩት ዘመዶቹ አልተረፉም። ወላጆቹንና እኅቶቹን ጨምሮ ብዙው ቤተ ሰቡ በአውሽቪትዝ ተገደለ። በአውሮፓ ከነበሩት የቅርብ ዘመዶቹ በሕይወት የተገኘው ሄርማን የተባለው ወንድሙ ብቻ ነበር። ያልተመለሱትን መቁጠር ለዋልድ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በተበሳሱት አይሮፕላኖች ፊት

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ፣ በ1942 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ምርምር ቡድን ተቋቋመ። የቡድኑ ሥራ የጦር ሠራዊቱ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች በሒሳብ መመርመር ነበር። ከአባሎቹ መካከል ሚልተን ፍሪድማንና ጆርጅ ስቲግለር ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዋልድ በዚያን ጊዜ በሕግ ዓይን ከጠላት አገር የመጣ ሰው ስለ ነበር፣ የምስጢር ጽሑፍ እንዳያነብ ጸሐፊዎቹ ገና ጽፎ ሳይጨርስ የራሱን ወረቀት ከእጁ ይነጥቁታል እየተባለ በጓደኞቹ ዘንድ ይቀለድ ነበር።

ለቡድኑ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር። ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ወደ ጠላት አገር ዘልቀው ሲመለሱ አካላቸው በጥይት ተበሳስቶ ይገኛል። አይሮፕላኑን በሙሉ በብረት ጥሩር መሸፈን አይቻልም፤ ብረቱ ስለሚከብደው መነሣት ያቅተዋል፤ ቢነሣም ሩቅ አይሄድም። እንግዲህ ጥሩሩ በየትኛው ክፍል ላይ ይደረግ?

ብዙ ቀዳዳ ያለበትን ቦታ አይቶ፣ ጥሩር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው ማለት ለማንም ሰው ቀላል ነው። ዋልድ ግን ነገሩን ገልብጦ ተመለከተው። በሜዳው ላይ የቆሙት አይሮፕላኖች የተመለሱት ብቻ ናቸው። ክንፉ ተበሳስቶ የተመለሰ አይሮፕላን የሚመሰክረው ክንፍ ቢመታም መብረር እንደሚቻል ነው። ሞተሩ የተመታ አይሮፕላን በሜዳው ላይ ጥቂት ሆኖ ከተገኘ፣ ጥይት ሞተርን አይመታም ማለት አይደለም፤ ከሩቅ የተተኮሰ ጥይት ሞተሩን ከክንፉ ለይቶ አያውቅምና። ሞተራቸው የተመታው አልተመለሱም ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩር የሚያስፈልገው ቀዳዳው በጎደለበት ቦታ ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ በብዙ መጻሕፍት ሲተረክ ዋልድ ከጄኔራሎች ጋር እንደ ተከራከረ ተደርጎ ይነገራል። እሱ በ1943 በጻፋቸው ስምንት ማስታወሻዎች ውስጥ ያለው ግን ክርክር ሳይሆን ቀመር ነው። ሐሳቡን ከብልሃተኛ አነጋገር ወደ መሐንዲስ መሣሪያ የለወጠውም ይኸው ቀመር ስለ ሆነ፣ ለምሳሌ ካቀረባቸው ስሌቶች አንዱን እንመልከት።

400 አይሮፕላኖች ወደ ውጊያ ተላኩ እንበል። ከእነዚህ 380 ተመለሱ፤ 20 ጠፉ። ከተመለሱት መካከል 320ው ምንም አልተመቱም፤ 32ቱ አንድ ጊዜ፣ 20ው ሁለት ጊዜ፣ 4ቱ ሦስት ጊዜ፣ 2ቱ አራት ጊዜ፣ የቀሩት 2ቱ አምስት ጊዜ ተመትተዋል። በተመለሱት ላይ የተገኘው ምት ተደምሮ 102 ነው። ከነዚህ 102 ምቶች አንዱም እንኳ አይሮፕላን አልጣለም። ዓይኑ ያየውን ብቻ የሚያምን ሰው፣ ጥይት አይሮፕላን አይጥልም ብሎ ሊደመድም ነው! ስሕተቱ የት እንዳለ ግልጽ ነው፤ አይሮፕላን የጣሉት ምቶች ከአይሮፕላኖቹ ጋር ወድቀው ቀርተዋል።

ዋልድ ለስሌቱ ሁለት ነገር አስቀደመ። መጀመሪያ፣ ያልተመታ አይሮፕላን ሁሉ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ምት አይሮፕላኑን የመጣል ዕድሉ እኩል ነው። አንድን ምት ችሎ የማለፍ ዕድል 0.851 ነው ብለን እንነሣ። አንድ ጊዜ ተመትተው የተመለሱት 32 ከሆኑ፣ ይህ ዕጣ የደረሳቸው አይሮፕላኖች 32 ለ0.851 ሲካፈል፣ ማለት 37.6 ያህል መሆን ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ ለተመቱት 20ን በ0.851 ሁለት ጊዜ ብናካፍል 27.6 ይሆናል። እንዲሁ እያልን ስንቀጥል ለቀሩት 6.5፣ 3.8 እና 4.5 እናገኛለን። ሁሉም ሲደመር 80 ይሆናል፤ ካልተመቱት 320 ጋር 400 ይሞላል። ሌላ ቁጥር ብንወስድ ሒሳቡ አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ምት አይሮፕላኑን የመጣሉ ዕድል ከመቶ 15 ገደማ ነው። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢሞክረው ራሱ ያገኘዋል። ከወደቁት ሃያዎች አንድ ስባሪ ሳይታይ፣ ስለ እነሱ እውነቱ ተገኘ። ከዚያም ዋልድ ይህንኑ ዘዴ ለሞተሩ፣ ለነዳጁ መስመርና ለሌላው ክፍል ለየብቻ አድርጎ አሰፋው፤ በሠራውም ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ በምት የሚጎዳው ሞተሩ ሆኖ ተገኘ።

ማስታወሻዎቹ በጦርነቱ ጊዜ ለሕዝብ አልወጡም። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ማዕከል እንደገና ታትመው የወጡት በ1980 ነው።

ስንት ብንመረምር ይበቃል?

ዋልድን በሊቃውንት ዘንድ ከሁሉ ይበልጥ ያስከበረው ሥራ ግን ሌላ ነው። አንድ የባሕር ኃይል መኰንን የጥይት ፈተናን ነገር አንሥቶ ለቡድኑ መሪ ለአለን ዋሊስ አጫወተው። አንዱን የጥይት ዓይነት ከሌላው ለማወዳደር፣ በደንቡ መሠረት ብዙ ሺህ ጥይት መተኮስ ያስፈልግ ነበር። ልምድ ያለው መኰንን ግን ገና ከመነሻው ላይ ውጤቱን አይቶ የቀረው ድካም ከንቱ መሆኑን ያውቀዋል። እንግዲህ የፈተናውን ብዛት አስቀድሞ ከመወሰን ይልቅ፣ ውጤቱን በየደረጃው እያዩ በቂ ማስረጃ ሲገኝ ለማቆም የሚያስችል ሕግ ይኖር ይሆን? ዋሊስና ፍሪድማን ነገሩን አሰቡበት፤ ሒሳቡ ግን ስላቃታቸው በ1943 ለዋልድ ሰጡት። ዋልድ መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን መፍትሔውን ይዞ ቀረበ።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ሣጥን አምፖል ከፋብሪካ መጣ እንበል። ደኅና ሣጥን ከሆነ ከመቶ 10 ብልሹ ይገኝበታል፤ መጥፎ ከሆነ ከመቶ 30። አምፖሎቹን አንድ በአንድ እናበራለን። ያገኘነው ብልሹ ከሆነ፣ ይህ ነገር በመጥፎው ሣጥን የመገኘት ዕድሉ በደኅናው ከመገኘት ሦስት እጥፍ ስለ ሆነ፣ የያዝነውን ቁጥር በ3 እናበዛለን። የሚበራ ከሆነ በ0.7 አብዝተን ለ0.9 እናካፍላለን። በ1 እንጀምራለን። ቁጥሩ ከ19 ሲበልጥ ሣጥኑ ይመለሳል፤ ከ19 እጅ አንድ እጅ ሲያንስ ሣጥኑ ይገባል፤ በመካከል እስካለ ድረስ ምርመራው ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አምፖሎች ብልሹ ቢሆኑ ቁጥሩ 27 ስለሚደርስ ሥራው በሦስት አምፖል አለቀ። በተከታታይ የበሩ ከሆነ ደግሞ በ12ኛው ላይ ሣጥኑን እንቀበላለን።

ይህ 19 የሚባለው ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። መርማሪ ሊሳሳት የሚችለው በሁለት መንገድ ነው፤ ደኅናውን መጥፎ ብሎ ይመልሳል፤ ወይም መጥፎውን ደኅና ብሎ ያስገባል። የመጀመሪያው ባለ ፋብሪካውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ገዢውን። ሁለቱም ስሕተት ከመቶ ከ5 ያህል እንዳይበልጥ ብንፈልግ፣ 0.95ን ለ0.05 አካፍለን 19ን እናገኛለን። ጥንቃቄው ይጨመር ያለ ሰው ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ዋጋውንም በብዙ ምርመራ ይከፍላል። የዋልድ ዘዴ ያንኑ ያህል ጥንቃቄ እየጠበቀ፣ የምርመራውን ብዛት በአማካይ ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል።

በአገራችን፣ ጠርጥር ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር፣ ይባላል። አባቶቻችን እንድንጠረጥር መከሩን፤ ዋልድ ደግሞ ምን ያህል ጠርጥረን የት ላይ ማቆም እንዳለብን በቁጥር አሳየ።

ዘዴው በጦርነቱ ጊዜ ምስጢር ሆኖ ተጠብቆ ነበር። በ1945 ምስጢርነቱ ሲነሣ፣ የምርምር ቡድኑ ከፍተኛ ሒሳብ ለማያውቁ ተቆጣጣሪዎችና መሐንዲሶች ሥራውን በሠንጠረዥና በሥዕል የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። የፋብሪካው ሠራተኛ በካሬ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስምሮ፣ የብልሹውን ቁጥር በነጥብ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ነጥቡ የላይኛውን መስመር ሲያልፍ ዕቃው ይመለሳል፤ ከታችኛው ሲወርድ ዕቃው ይገባል። ከባዱ ሒሳብ በዋልድ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ፣ ለሠራተኛው የደረሰው እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ነበር። የማስተማር ጥበብ ማለት ይህ ነው።

መምህሩ ዋልድ

ከጦርነቱ በኋላ ዋልድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ቀጠለ። ትምህርቱ ግልጽና ጥንቁቅ መሆኑን ተማሪዎቹ መስክረውለታል። በ1947 የደረጃ በደረጃ ምርመራን የሚገልጸውን መጽሐፉን፣ በ1950 ደግሞ ስለ ስታቲስቲካዊ ውሳኔ የጻፈውን መጽሐፉን አሳተመ። በዚህ በሁለተኛው መጽሐፍ ያቆመው ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው። ልኬት ሁሉ መጨረሻው ውሳኔ ነው። የተሳሳተ ውሳኔ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ አንድን የአሠራር መንገድ ከሌላው የምናመዛዝነው፣ በአማካይ የሚያስከትለውን ጉዳት በቁጥር አስልተን ነው። ዋልድ አደጋ ወይም ሪስክ ብሎ የጠራው ይህንኑ አማካይ ጉዳት ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ሚልተን ሶበል፣ ከቤንጃሚን ኤፕስታይን ጋር ሆኖ በ1953 የዕቃን ዕድሜ ስለ መፈተን የጻፈው ጽሑፍ ለአስተማማኝነት ትምህርት ከመሠረት ድንጋዮች አንዱ ሆኗል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ 10 አምፖሎች ባንድ ጊዜ በርተው ሦስቱ በ200፣ በ500 እና በ800 ሰዓት ተቃጠሉ፤ ፈተናውም በ800 ሰዓት ቆመ እንበል። የተቃጠሉትን ብቻ አይቶ አማካይ ዕድሜ 500 ሰዓት ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ያልተቃጠሉት ሰባቱ እያንዳንዳቸው 800 ሰዓት ማገልገላቸውን ረስቷልና። የሁሉም የአገልግሎት ሰዓት ሲደመር 7,100 ይሆናል። አምፖል አርጅቶ ሳይሆን በድንገት የሚቃጠል ከሆነ፣ ይህን በተቃጠሉት በሦስቱ ቁጥር ስናካፍል አማካይ ዕድሜው 2,367 ሰዓት ያህል ሆኖ ይገኛል። በአይሮፕላኖቹ ነገር የተረሱት የወደቁት ነበሩ፤ በአምፖሎቹ ነገር የሚረሱት የተረፉት ናቸው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ከፊትህ ያለውን ብቻ አትቁጠር።

ዕረፍቱ

በ1950 መጨረሻ የሕንድ መንግሥት ትምህርት እንዲሰጥ ስለ ጋበዘው ዋልድ ከባለቤቱ ከሉሲል ጋር ወደዚያ አገር ተጓዘ። ዲሴምበር 13 ቀን 1950 ሁለቱ የተሳፈሩበት አይሮፕላን በደቡብ ሕንድ ከኒልጊሪ ተራሮች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ባልና ሚስት አብረው ሞቱ። ዋልድ ገና የ48 ዓመት ሰው ነበር። ሁለት ሕፃናት ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ፤ ወንዱ ልጅ ሮበርት አድጎ በስበት ኃይል ምርምር የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ሆኗል። አይሮፕላን እንዳይወድቅ ሌት ተቀን ያሰላ ሰው በአይሮፕላን መሞቱ ያሳዝናል። ነገር ግን ዋልድ አደጋን ከዓለም አጠፋለሁ አላለም፤ አደጋ እንዲለካና እንዲቀነስ ነው ያስተማረው።

ይህ ትምህርት ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አይሮፕላን ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋልድ የሞተበት አይሮፕላን ዳግላስ ዲሲ 3 የሚባለው ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከጦርነቱ በተረፉት የዚሁ ዓይነት አይሮፕላኖች ነው። ከዚያ ወዲህ የአየር መንገዳችን ስም በዓለም ታውቋል፤ እኛም ኀዘኑንም ደስታውንም አብረን ተካፍለናል።

ከኀዘኑ ሁሉ የቅርቡን እናስታውስ። በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። በዚያ አይሮፕላን ውስጥ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት ነበረ፤ ይህም ሥርዓት ከሁለቱ የማዕዘን መለኪያዎች የአንዱን ብቻ ቃል ይሰማ ነበር። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ስሌት ሠርቶ፣ ጉድለቱ ካልታረመ በአይሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርስ ሌላ አደጋ ሊከተል እንደሚችል አገኘ። ይህ ስሌት ለሕዝብ የተገለጸው በ2019 መጨረሻ በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ጊዜ ነው። ቁጥሩ በእጅ ነበረ፤ አይሮፕላኖቹ ግን ማረሚያው እስኪዘጋጅ መብረራቸውን ቀጠሉ። ማርች 10 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን አይሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። አይሮፕላኖቹ በዓለም ሁሉ እንዳይበሩ የታገዱት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ አልጎደለም፤ የጎደለው የሒሳቡን ቃል ሰምቶ መወሰን ነው። ዋልድ በመጨረሻው መጽሐፉ ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ማስረጃው መቼ ይበቃል? በመጠበቅ የሚደርሰው ጉዳት ከማቆም ጉዳት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ሣጥን አምፖል ላይ ሲጠየቁ ቀላል ይመስላሉ፤ በ157 ነፍስ ላይ ሲጠየቁ ግን ክብደታቸው ይታወቃል።

ስለዚህ በምሕንድስና ለመሠልጠን የምንመኝ ተማሪዎች ከአብርሃም ዋልድ ሕይወት ሦስት ነገር እንማር። መጀመሪያ፣ የትምህርት ቤት በር ቢዘጋ እንኳ የትምህርት በር አይዘጋም፤ እሱ ከቤቱ ተነሥቶ የዓለም መምህር ሆኗል። ሁለተኛ፣ ማስረጃ ሲቀርብልን በፊታችን ያለውን ብቻ ሳንመለከት ወደ እኛ ሳይደርስ የቀረውን እንጠይቅ። የቆመውን ድልድይ ብቻ ሳይሆን የፈረሰውን፣ ያለፈውን ተማሪ ብቻ ሳይሆን ያቋረጠውን፣ የዳነውን በሽተኛ ብቻ ሳይሆን ከሐኪም ቤት ያልደረሰውን እንቁጠር። ሦስተኛ፣ የቆጠርነው ቁጥር በወረቀት ላይ እንዳይቀር በጊዜው ወስነን በሥራ እንግለጠው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአገራችን ምክር ለመሐንዲስ የተነገረ ይመስላል፤ ቅጠሉን መቼና የት መያዝ እንዳለብን የሚያሳየን ደግሞ እንደ ዋልድ ያሉ ሊቃውንት የተዉልን ሒሳብ ነው።